ስምንት ሰከንድ፦ ለጨዋታ የሚሰቃይ እንስሳና የእኛ አማና

 

ስልካችሁን ስትነካኩ አንድ ቪዲዮ ብቅ አለ እንበል። በሕዝብ የተሞላ ስታዲየም፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ጎረምሳ፣ ከሥሩ እየዘለለ የሚፈራገጥ ኮርማ። ልጁ ስምንት ሰከንድ ሳይወድቅ ከቆየ ነጥብ ይያዝለታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እኛም ፈገግ ብለን "ላይክ" አድርገን እናልፋለን። ዛሬ ስለዚያች ስምንት ሰከንድ ትንሽ እናስተንትን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ይህ ትርኢት ሮዲዮ ይባላል። መነሻው የሜክሲኮና የአሜሪካ ምዕራብ ከብት ጠባቂዎች የዕለት ሥራ ነው። የታመመ ጥጃ በገመድ ተይዞ ይታከማል፤ ያልተገራ ፈረስ ይገራል። እያደር ግን ሥራው ትኬት የሚቆረጥበት መዝናኛ ሆነ።

ኮርማው እንዲያ የሚዘለው አውሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሽንጡ ላይ፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ ጠፍር ይታሰርበታል፤ ሲፈራገጥ ያንን ከላዩ ለመጣል ጭምር እየታገለ ነው። በጥጃ ጠለፋ ውድድር ደግሞ ገና ያልጠነከረ ጥጃ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ገመድ አንገቱ ላይ ይገባል። ባለበት ተጎትቶ ይቆማል ወይም ይወድቃል፤ ፈረሰኛው ወርዶ ሦስት እግሩን ይጠፍረዋል። ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል።

አዘጋጆቹ "እንስሶቹ ውድ ናቸው፣ እንንከባከባቸዋለን፣ ደንብም ሐኪምም አለን" ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የተሰበረ እግርና የተጎዳ አንገት ያሳያሉ። ሙስሊም ሁለቱንም ወገን ይሰማል። ነገር ግን አንድ ነገር ለክርክር አይመችም፤ ጥጃው የሚሮጠው ስለፈራ ነው። ፍርሃቱን ብታነሱለት ትርኢቱ ራሱ አይኖርም።

መንግሥታት ምን አደረጉ?

እ.ኤ.አ. በ1924 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ ትልቅ ሮዲዮ ተዘጋጀ። በገመድ ጠልፎ በመጣል ውድድር የአንድ በሬ እግር ሲሰበር ሕዝቡ ተቆጣ። የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ግን አላሸነፈም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ ፓርላማው ያልተገራ ፈረስን ወይም በሬን በገመድ መጣልንና በጠፍር እያሰቃዩ ማስፈራገጥን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በብሪታንያ ሮዲዮ በዚሁ አከተመ።

አሜሪካ ውስጥ ግን የ1966ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በኋላ ተሻሽሎ ትርኢቶችን ሲያካትት ሮዲዮን በስሙ ጠርቶ ከቁጥጥሩ ውጭ አደረገው። ስለዚህ ጥረቱ ለየግዛቱና ለየከተማው ተተወ። ሮድ አይላንድ በ1989 ጥጃን ጠልፎ መጣልን ከለከለች። ካሊፎርኒያ በ1994 የሚሮጥን ፈረስ እግር በገመድ ጠልፎ መጣልን አገደች፤ በኋላም ለሮዲዮ የእንስሳት ሐኪም እንዲመደብ አዘዘች። በካናዳ የቫንኩቨር ከተማ በ2006 ሮዲዮን ከነጭራሹ ዘጋች።

የብራዚሉ ታሪክ ደግሞ በጣም ያስተምራል። በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፈረሰኞች በሬን ጅራቱን ይዘው የሚጥሉበትን ቫኬዣዳ የሚፈቅድ የአንድ ክፍለ ግዛት ሕግ 6 ለ 5 በሆነ ድምፅ ሻረ። ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ ጨዋታውን "ባህል" ብሎ በሕግ አጸደቀው፤ በ2017 ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተሻሻለለት። በቺሊም በ2009 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ሮዲዮን አይነካም።

አያችሁ? ሕጉ ሰው የማይወደውን ጭካኔ በቀላሉ ይከለክላል። ሰው የሚወደው ጭካኔ ጋ ሲደርስ ግን "ከዚህ በስተቀር" የሚል መስመር ይጨመራል።

አላህ ዘንድ "ከዚህ በስተቀር" አለ?

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በአንድ ወቅት የቁረይሽ ወጣቶች አጠገብ አለፉ። ወጣቶቹ አንዲት ወፍ አስረው በቀስት ዒላማ ይለማመዱባት ነበር። ከባለቤቷም ጋር ውል ነበራቸው፤ የሳተው ቀስት ሁሉ የእርሱ ይሆናል። ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበተኑ። እርሳቸውም ይህን ያደረገውን አላህ ይርገመው ብለው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩሕ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርገውን ሰው እንደረገሙ ነገሯቸው። ሙስሊም ዘግበውታል።

ታሪኩን ደግማችሁ አስቡት። የሚዝናኑት ወጣቶች ናቸው። እንስሳዋ ታስራለች። ባለቤቷ ፈቅዷል፤ ተከፍሎታልም። በዛሬ ቋንቋ ትኬትም ውልም አለ ማለት ነው። ፈቃዱም ክፍያውም ግን ከእርግማኑ አላዳናቸውም፤ የወፏን ሥቃይ የመሸጥ ሥልጣን ለባለቤቷም አልተሰጠውምና።

ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ የአንሷር የአትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው አቃሰተ፤ ዐይኖቹም እንባ አቀረሩ። ቀርበው ከጆሮው ጀርባ ሲዳብሱት ጸጥ አለ። ባለቤቱን ጠየቁ፤ አንድ የአንሷር ወጣት መጣ። አላህ ባስገዛለት እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራ ነገሩት፤ ግመሉ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ከሶበታልና። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በዚያ ቦታ ፖሊስም ዳኛም አልነበረም። ከሳሹ ግመል፣ ተከሳሹም እንደ እናንተ ያለ ወጣት ነበር።

ሊቃውንቶቻችንም ይህን ለግለሰብ ኅሊና ብቻ አልተዉትም። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ የኖሩት ኢማም አል-ማወርዲ የመንግሥትን ሥርዓት በጻፉበት መጽሐፋቸው፣ እንስሳን ከአቅሙ በላይ የሚጭንን ሰው መከልከል የሙሕተሲቡ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪው፣ ሥራ እንደሆነ አስፍረዋል። ስለዚህ አንድ መንግሥት እንስሳን ከዙልም ለመጠበቅ ሲነሳ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

"እኛስ እናርድ የለ?"

ይህን የሚጠይቅ ጓደኛ አይጠፋም። መልሱ ግልጽ ነው። አላህ ሥጋውን ፈቅዶልናል፤ ያውም ቢላው ተስሎ፣ እንስሳው ሳይሰቃይ፣ በእርሱ ስም። ለሚያስፈልግ ነገር በኢሕሳን ማረድና ለጭብጨባ ማሰቃየት አንድ አይደሉም። ኢስላም ከእንስሳ ጋር መጫወትንም አልዘጋም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን አሽቀዳድመዋል። ያውም የሠለጠኑትን በረጅሙ፣ ያልሠለጠኑትን በአጭሩ መንገድ፤ እያንዳንዱን በአቅሙ።

አሁን ወደ ራሳችን

የአሜሪካንና የብራዚልን ሕግ መተቸት ቀላል ነው። የእኛስ "ከዚህ በስተቀር" የት ነው? ጀርባው ቆስሎ ስሚንቶ የሚጫንበት አህያ አጠገብ ስንቴ አለፍን? እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከገበያ የምትመጣ ዶሮስ? ለአረፋ፣ ለአላህ ብለን የገዛነው በግ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጠፍሮ ሲጓዝ "ዒባዳ ነው" ብለን አልፈነው ይሆን? ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት በእርሷ ሰበብ እሳት ገብታለች፤ የተጠማን ውሻ ያጠጣው ሰው ደግሞ ምሕረት አግኝቷል። ሁለቱንም ማንም ሕግ አላስገደዳቸውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንያዝ፦

1. እንስሳ የሚሰቃይበት ቪዲዮ ሲመጣ ላይክ አናድርግ፣ አናጋራ። ተመልካች ባይኖር ትርኢቱ አይኖርም።
2. ከአቅሙ በላይ የተጫነ እንስሳ ስናይ ባለቤቱን በአክብሮት እናናግር። "አባባ፣ ትንሽ እናቅልለትና እኔም ልግፋ" ማለት ከስድብ ይሻላል። ባለጋሪውም ልጆቹን ለማብላት የሚደክም ሰው ነውና።
3. ቤታችን ደጃፍ አንድ ዕቃ ውኃ እናስቀምጥ።

አላህ በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በምድር የሚሄዱትም በክንፋቸው የሚበሩትም እንደኛው ሕዝቦች እንደሆኑ፣ ወደ ጌታቸውም እንደሚሰበሰቡ ነግሮናል። ያን ቀን አፍ የሌለው ሁሉ ይሰማል።

አላህ ሆይ! ለፍጡሮችህ ከሚያዝኑት አድርገን። በእኛ ምክንያት የተሰቃየ እንስሳ ካለ ይቅር በለን። አሚን!

ዛሬ ጁመዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍንና በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።