ቀን ሥራ የሚፈታ ተርባይን

በኔፓል ተራሮች የመንደር ነዋሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ብዙ ናቸው። አሠራራቸው አይከብድም። ከወንዙ የተወሰነ ውሃ በቦይ ተጠልፎ አፋፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ያሽከረክራል። በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 20 ኪሎዋት ገደማ ጉልበት አለው። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ግማሹ ይተርፋል እንበል። ለአንድ ቤት 100 ዋት ከተመደበ 100 ቤት ይበራል ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወንዙ ሌት ተቀን ይወርዳል፤ ሰው ግን አምፖል የሚያበራው ከመሸ ለጥቂት ሰዓት ነው። የቀኑን ኃይል የሚፈልገው ከሌለ መቆጣጠሪያው ወደ ማሞቂያ ይልከዋል፤ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ የሚነከረው ውሃ ውስጥ ነው። ወንዝ ጠልፎ ውሃ ማሞቅ! ከአምፖል ብቻ የሚሰበሰበው ክፍያ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ከኦፕሬተሩ ደመወዝ አያልፍም። ኩሽኔታ ሲሰበር ካዝናው ባዶ ነው።

መፍትሔው ለቀኑ ኃይል ገቢ ያለው ሥራ መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ወፍጮ። ኔፓል ውስጥም ብዙ ቦታ ወፍጮው ከመብራቱ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ1960 ካትማንዱ ውስጥ የተቋቋመው የባላጁ ወርክሾፕና የቡትዋል ከተማ ባለሙያዎች የሠሯቸው ተርባይኖች በመጀመሪያ ሩዝ ይፈለፍሉ፣ እህል ይፈጩ፣ ዘይት ይጨምቁ ነበር። ጄኔሬተሩ የተጨመረው በኋላ ነው። መብራቱ የመጣው ገቢ ባለው ሥራ ላይ ተደርቦ ስለሆነ ወጪውን የሚሸፍንለት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የገጠር ኢነርጂ ፕሮግራም ደግሞ ከየቤቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በየራሳቸው ማኅበር እንዲደራጁና እንዲቆጥቡ አደረገ። ለጋሾች ፎቶ የሚያነሱት ተርባይኑን ነው፤ የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ የሚያነሳ አላየሁም። እኔ ግን መንደሩን መርዳት የሚሻ ሰው ገንዘቡን ለሒሳብ ያዥና ለጥገና ሥልጠና፣ ለወፍጮ መግዣም ብድር ቢያውለው እመርጣለሁ።

ማመንጫዎች እርስ በርስ መደጋገፍም ይችላሉ፤ ባግሉንግ ወረዳ ውስጥ 6 ማመንጫዎች በአንድ መስመር ተያይዘው 107 ኪሎዋት ሆነው ነበር፤ አንዱ ለጥገና ሲቆም ሌሎቹ ይሸፍኑ ነበር። የከበደው ፈተና የመንግሥት መስመር ሲደርስ ነው፤ ደንበኛው ወደዚያ ሲዞር የመንደሩ ማመንጫ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ኑዋኮት ወረዳ ያለው የ23 ኪሎዋቱ የስያውሬቡሚ ማመንጫ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ከብሔራዊው መስመር ጋር ተገናኝቶ ኃይሉን መሸጥ ጀመረ። ለዚህም የማገናኛ መሣሪያ መግዛትና ከመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ጋር በዋጋ መስማማት ያስፈልጋል፤ አንድ መንደር ብቻውን ሁለቱንም መወጣት ያቅተዋል።