የማውስ ቁልፍ ሲያረጅ



ባለፈው ክረምት መተማ ዮሐንስ ቤታችን ሳለሁ እኅቴ የሰሊጥ አራሚዎችን ሒሳብ በኮምፒውተር ትይዝ ነበር። ሒሳቡን የተቀበለውን ሰው ስም ስትሰርዝ፣ ያልተቀበለውም አብሮ ይጠፋባታል! አንዴ ብትጫን ማውሱ ሁለቴ ይቆጥራል። «ጣለው» አለችኝ፤ እኔ ግን እስቲ ልየው አልኩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ከቁልፉ ሥር ትንሽ ስዊች አለች። በውስጧ ያለው ስስ የብረት ምላስ ስንጫን ከመገናኛው ጋር ይገጥማል፤ ስንለቅ ይመለሳል። ምላሱ ሲደክም ወይም መገናኛው ሲቆሽሽ ግጥሚያው ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ጭነት ሁለት ይሆናል።

አጠጋገኑ፦

1. ማውሱ ከኮምፒውተሩ ይነቀላል።
2. ብሎኑ ብዙ ጊዜ ከሆዱ ልጣፍ ሥር ስለሚደበቅ ልጣፉ ተነሥቶ በካቻቢቴ ይፈታል።
3. የስዊቿ ክዳን በስለት ጫፍ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ከላይ ያለችው ፍሬ በጣም ትንሽ ናት፤ እኔ ጥዬያት ወለል ስጠርግ ዋልኩ። ነጭ ጨርቅ አንጥፉ!
4. ምላሱ በወረንጦ ወጥቶ መገናኛው በአልኮል ይጠረጋል፤ ምላሱ በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጎ ይመለሳል።

እምቢ ካለ፣ ብዙ ያልሠራው የቀኝ ቁልፍ ስዊች ተመሳሳይ ከሆነ በካውያ ይለዋወጣል።

የእኅቴ ማውስ ዛሬም ይሠራል። የማይድነውንም አትጣሉት፤ ስለ ኤሌክትሪክ ስናስተምር ከፍተን የምናሳየው መርጃ መሣሪያ ይሆነናል።