የመስኖ ውኃ ስብሰባና ቃለ ጉባዔው

እንደሚታወቀው ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በጋ ሲሆንና ውኃው ሲያንስ የላይኛው ገበሬ ይጠጣል፤ የታችኛው ይጠብቃል። ጠቡም ከዚሁ ይነሣል። በልማድ ተራውን የሚደለድለው የውኃ አባት ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ገበሬው በማኅበር የሚደራጅበትን መንገድ ደንግጓል። የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባዔው ነው፤ ኮሚቴው አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ታዲያ ስብሰባ የሕዝብ ነው የሚባለው መቼ ነው?

1ኛ/ ጥሪው ከነአጀንዳው ቀደም ብሎ ሲነገር። በቅዳሴ መውጫና በገበያ ቢለፈፍ ለብዙው ሰው ይደርሳል።
2ኛ/ ምልአተ ጉባዔው ሲሟላ። ሰው ሳይቆጠር እጅ ማስወጣት ምን ያደርጋል?
3ኛ/ ሴቶችና የቦይ ግርጌ ገበሬዎች ሲናገሩ። ውኃ ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነውና።
4ኛ/ ቃለ ጉባዔው ለተሰብሳቢው ተነቦ ሲፈረም።

ይህ እኛን እጩ መምህራንን ምን አገባን? ገጠር ስንመደብ «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይጻፉልን» መባላችን አይቀርም። ያልተባለውን ከጻፍን፣ ወይም የተቃወመውን ሰው ሐሳብ ከዘለልን፣ የውኃ ተራውን የምናሳጣው ልጁን የምናስተምርለትን ገበሬ ነው። ስለዚህ የተሰብሳቢው ቁጥር፣ የድጋፉና የተቃውሞው ድምፅ ይመዝገብ፤ መዋጮውም በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብለን እናንብብለት፤ ጣቱን የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው።