የከሰል ማዕድን ማውጫ ውኃና የያምፓ ወንዝ ዓሣ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። በየዓመቱ ለዕረፍት ከልጆቼ ጋር ያምፓ ወንዝ ዓሣ ለማጥመድ እንሄዳለን። በአካባቢው ያለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ የሚወስደው ውኃ ሊጠፉ የተቃረቡ ዓሦችን ይጎዳል ሲባል ሰማሁ። ያን ያህል ትንሽ ውኃ እንዴት ይጎዳል?
ወ/ሮ ሰ.

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ አንድ ማዕድን ማውጫ ብቻውን ወንዝ አያደርቅም። ነገር ግን ማውጫው ለአቧራ ማርጠቢያ የሚረጨው ውኃ ተንኖ ይቀራል፤ ወደ ወንዙ አይመለስም። ጉዳቱ የሚከብደው እርሻው፣ ከተማውና የኃይል ማመንጫው ከሚወስዱት ጋር ሲደመር ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኮሎራዶ ፓይክሚኖ ነው። ቀድሞ እስከ 1.8 ሜትር ይረዝም የነበረ ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ተመዘገበ። በያምፓ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን የሚያጥበው ደግሞ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ የሚመጣው ሙላት ነው። ሙላቱ ሲያንስ ደለሉ ይቀራል፤ እንቁላሉም ይታፈናል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ሲሳሳና ሲሞቅ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣው ስሞልማውዝ ባስ የተባለ ዓሣ ይራባና የፓይክሚኖን ጫጩቶች ይበላል።

ፓይክሚኖ ከያዙ፣ ከውኃው ሳያወጡት መንጠቆውን ነቅለው ወዲያው ይልቀቁት። የማዕድን ማውጫው የአካባቢ ተፅዕኖ ሰነድ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ፣ ማውጫው ውኃውን ከየት፣ ምን ያህልና በተለይ በየትኛው ወር እንደሚወስድ ይጠይቁ። ብዙ የሞቱ ዓሦች ካዩ ወይም የውኃው ቀለም ከተለወጠ፣ ልጆቹን አርቀው ለኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይደውሉ፤ ናሙና የሚወስዱት ባለሙያዎቹ ናቸው።