ከሶላት በኋላ ስለሚባለው የአረፋ ተክቢራ

በአረፋ ሰሞን በወልድያ ወይም በመርሳ መስጊድ የሰገደ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኢማሙ አሰላምቶ እንደ ጨረሰ ሰጋጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተክቢራ ይላል። አንዱ «አላሁ አክበር»ን መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ብሎ ሲያልፍ ጎረቤቱ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ሌላው ደግሞ ቀኑ ገና ነው ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ በመኝታ ቤት ክርክር ይነሳል፤ «ያንተ ቢድዓ ነው» እስከ መባባልም ይደረሳል። ጓደኛን በቢድዓ መክሰስ ቀላል ነገር ስላይደለ ነገሩን ከመሠረቱ መመልከት ይገባል።

ከዒዱ ቀጥለው ያሉት የዙልሒጃ 11፣ 12 እና 13 «አያመ ተሽሪቅ» ይባላሉ። ለስሙ ከተሰጡት ፍቺዎች የታወቀው ሥጋን ዘልዝሎ በፀሐይ ማድረቅ የሚለው ነው። የኡድሒያው ሥጋ በሀብሩ ቤቶች ቋንጣ ሆኖ ተሰቅሎ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ 203ኛው አንቀጽ በተቆጠሩ ቀኖች አላህን ማውሳትን ያዝዛል፤ አብዛኞቹ ሙፈሲሮችም ቀኖቹ እነዚሁ ናቸው ብለዋል።

ተክቢራው ከየትኛው ሶላት ጀምሮ እስከ የትኛው እንደሚባል ግን ሰሐቦች ራሳቸው አንድ ቃል አልነበራቸውም። ኢብኑ መስዑድ ከአረፋ ቀን ሱብሒ እስከ ዒዱ ቀን አስር ይሉ ነበር፤ ይህም 8 ሶላት ነው። ዓሊ ደግሞ ከዚያው ሱብሒ እስከ 13ኛው ቀን አስር ይዘልቁ ነበር፤ ሲቆጠር 23 ሶላት ይሆናል። ኢማም አቡ ሐኒፋ የመጀመሪያውን ያዙ። ምክንያታቸውም ዚክርን ጮክ ብሎ ማለት በመሠረቱ የተለመደ ስላልሆነ ከጥቂቱ መወሰን ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን በዒባዳ ጥንቃቄ ማለት ብዙውን መያዝ ነው ብለው ከመምህራቸው ተለዩ፤ የሐነፊ መዝሀብም የሚሠራው በእነርሱ ቃል ነው። በሻፊዒዮችም ዘንድ ሐጅ ላይ ላልሆነ ሰው የሚሠራበት ይኸው 23 ነው። ማሊኪዮች ከዒዱ ቀን ዙህር ጀምረው በ13ኛው ቀን ሱብሒ ይጨርሳሉ፤ 15 ሶላት መሆኑ ነው። እንግዲህ በአረፋ ቀን ዝም ያለው ተማሪ፣ በሱዳን እንደሚደረገው በማሊኪ መንገድ ተምሮ ከሆነ፣ ያጎደለው ነገር የለም።

የሁለትና የሦስቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለቱ የሐነፊዮች፣ ሦስቱ የሻፊዒዮች ነው። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ከጥንት ጀምሮ ሲቀሩ ኖረዋል። በሀብሩ እንደ ዳና ባሉ የዒልም ቦታዎች ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ እየመጣ ኪታብ ሲቀራ የኖረበት አገር ነውና፣ በአንድ ሶፍ ሁለት ዓይነት ተክቢራ ቢሰማ የሚያስደንቀው ለእንግዳ ብቻ ነው።

ሒዳያ በተባለው የሐነፊዮች መጽሐፍ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጥም ታሪክ አለ። አቡ ዩሱፍ በአረፋ ቀን መግሪብን አሰግደው ተክቢራውን ረሱ። ከኋላቸው የሰገዱት መምህራቸው አቡ ሐኒፋ ነበሩና እርሳቸው ተክቢራውን አሉ። መምህር ከተማሪው ኋላ መስገዱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ፉቀሃዎች ያወጡበት ሕግ ግን ሌላ ነው። ተክቢራው የሶላቱ አካል ስላልሆነ ኢማሙ ቢረሳ ተከታዩ ይለዋል እንጂ አይጠብቀውም።

ይህ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ሰው በጣም ያስፈልገዋል። ዒዱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ በዓል ቢሆንም የሚዘጋው አንድ ቀን ነው። በማግሥቱ ደብተር ይዞ ክፍል የሚገባ ተማሪ ተክቢራው ገና ሦስት ቀን እንደቀረው ይዘነጋል። በመኝታ ክፍሉ ብቻውን የሚሰግድስ? በአቡ ሐኒፋ ቃል ተክቢራው በጀመዓ ለሰገደ ነው፤ በሁለቱ ተማሪዎቻቸውና በሻፊዒዮች ዘንድ ግን ብቻውን የሰገደም ይላል። ሴት እኅቶቻችንም ይላሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ ያደርጋሉ። ዘግይቶ ረከዓ ያመለጠው ሰው ሌሎች ተክቢራ ሲሉ አብሮ አይልም፤ የቀረውን ሰግዶ ካሰላመተ በኋላ ለብቻው ይላል። በ23ቱ ለሚሄድ ሰው የመጨረሻው ተክቢራ የ13ኛው ቀን የአስር ነው፤ በዚያ ምሽት ከመግሪብ በኋላ የለም።