የምርኩዝ አጠቃቀምና አጠባበቅ

እግሩ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ባንድ እግሩ ብቻ ለመቆም ይገደዳል። በዚህም ጊዜ የተጎዳውን እግር ተክተው የሚያገለግሉት፥ በተለምዶ ክራንች የሚባሉት ሁለት ምርኩዞች ናቸው። ነገር ግን ምርኩዝ ያለ ትምህርት የተያዘ እንደ ሆነ፥ እግር ሲድን እጅ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ በሽተኛውም አስታማሚውም የሚከተለውን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ።

1ኛ፤ ክብደት በእጅ እንጂ በብብት አይጣልም። ከአንገት ተነሥተው ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በብብት በኩል ያልፋሉ። በሽተኛው የምርኩዙን ራስ በብብቱ ሸጉጦ መላ ሰውነቱን ቢያንጠለጥልበት፥ ነርቮቹ እየተጨቈኑ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ እየቈየም የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ ይሳነዋል። ስለዚህ የምርኩዙ ራስ በክንድና በጎድን መካከል ተጣብቆ ይያዝ፤ ሸክሙን ግን መጨበጫውን የያዘው መዳፍ ይቻለው።

2ኛ፤ ምርኩዙ በልክ ይሁን። በሽተኛው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆም፥ በምርኩዙ ራስና በብብቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። መጨበጫውም ክንድ ወደ ታች ሲዘረጋ ከእጅ አንጓ ትይዩ ይሁን፤ ሲጨበጥ ክርን በጥቂቱ ይታጠፋል። የረዘመ ምርኩዝ ብብትን ይጫናል፤ ያጠረ ደግሞ ወገብን ያጐብጣል።

3ኛ፤ አረማመድ። አስቀድሞ ሁለቱ ምርኩዞች ከተጎዳው እግር ጋራ አንድ አጭር እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ በመዳፍ ተደግፎ ጤነኛው እግር ይራመዳል። የተጎዳው እግር መሬት ይንካ ወይስ አይንካ፥ ምን ያህልስ ክብደት ይሸከም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ የተጎዳው እግርና ምርኩዞቹ ይከተላሉ። ሲወርዱ ግን ምርኩዞቹና የተጎዳው እግር ይቀድማሉ፤ ጤነኛው ይከተላል።

4ኛ፤ የምርኩዝ አጠባበቅ። ከምርኩዙ ግርጌ ያለው ጎማ በየሳምንቱ ይመርመር፤ ጥርሱ ያለቀ ወይም የተሰነጠቀ ሲሆን ሳይዘገይ ይለወጥ። ጭቃና ዘይት የነካው ጎማ ስለሚያንሸራትት ይጠረግ። ብሎኑና ዳዶው ላልቶ እንዳይሆን ይጥበቅ፤ እንጨቱም መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ይታይ።

5ኛ፤ የቤት ጥንቃቄ። በሽተኛው የሚመላለስበት ወለል ደረቅና ባዶ ይሁን። ሰሌንና ምንጣፍ ይነሣ፤ በዓል ሲሆን ቄጠማው ከሚያልፍበት ላይ ገለል ይደረግ። ሁለቱም እጆቹ የተያዙ ስለ ሆኑ ትኩስ ቡናና ወጥ ሌላ ሰው ያቅርብለት፤ ትናንሽ ዕቃ ግን በአንገቱ በሚንጠለጠል ከረጢት ሊይዝ ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ተጠብቀው ሳለ ጣቶቹ ቢደነዝዙ፥ ምርኩዙንና አያያዙን እንዲያርሙለት ወደ ሐኪም ቤት ይመለስ። በጀሶ የታሰረው እግር ጣቶች ቢጠቁሩ ወይም ቢቀዘቅዙ፥ ወይም ባቱ አብጦ ቢያመው፥ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ያበጠ ባት የረጋ ደም ምልክት ሊሆን ይችላልና፥ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ይገባል።