የዛገ የፍሬን አቧራ መከላከያ እንዴት ይለወጣል?

አሮጌ መኪና ሲሄድ ከጎማው በኩል «ክርር» ካለ ወዲያው «ሸራው አልቋል» አንበል። ከዲስኩ ጀርባ ያለው ስስ ቆርቆሮ ዝጎ፣ ጎብጦ ዲስኩን እየነካ ሊሆን ይችላል። «ታዲያ ቆርጦ መጣል ነዋ!» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቆርቆሮው ጭቃን፣ ውሃንና ጠጠርን ከዲስኩ የሚከላከል ነው። አለዋወጡም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ሌሎቹ ጎማዎች በታኮ ይያዙ። በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ። ክሪክን ብቻ ማመን ሕይወት ያስከፍላል።

2ኛ/ ጎማው ይፈታ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአየር አይነፋ።

3ኛ/ ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ይታሰር። በፍሬን ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል።

4ኛ/ ዲስኩ ይውጣ፤ በአንዳንድ መኪና ሞዞውም መውጣት አለበት። የዛጉት ብሎኖች ዘይት ጠጥተው ይቆዩ፤ በጉልበት ከተፈቱ ይበጠሳሉ።

5ኛ/ አዲሱ ቆርቆሮ ታስሮ ዲስኩ ሲመለስ በእጅ ይዙር፤ ምንም መንካት የለበትም።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከነበረ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ቆርቆሮው ትንሽ ነገር ነው፤ ፍሬኑ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።